የአሸዋ ልብ ሲደርቅ ምን ያህል ያንሳል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተነገረ)



በዛሬው ቀን ልንነግራችሁ የመረጥነው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ እርጥብ ነገር ሲደርቅ ስለ ማነሱ ነው። በበጋ የቆቦ መረሬ ማሳ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሲከፍት ሁላችንም አይተናል። የጎሊና ወንዝ አሸዋ ግን ቢደርቅም እንዲህ አይሰነጠቅም። ሸክላ አፈር እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ በቅንጣቶቹ መካከል ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ውኃው ሲወጣ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ። የአሸዋ ቅንጣቶች ግን አስቀድመው ተነካክተው ስለሚቀመጡ ከዚያ በላይ እምብዛም አይቀራረቡም።

ይህ ነገር ብረት አቅልጠው ለሚያፈስሱ ሰዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከ1847 እስከ 1860 ዓ. ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ እስከ ወሎ መቅደላ ድረስ ተጎትቶ ደርሷል።

እንደ ፓምፕ አካል ውስጡ ክፍት የሆነ ዕቃ ሲፈለግ፣ በፎርማው መካከል ከአሸዋና ከማጣበቂያ የተሠራ ልብ ይቀመጣል፤ ባለሙያዎቹ ኮር ይሉታል። የቀለጠው ብረት በዙሪያው ይፈስሳል፤ ሲበርድም ኮሩ ተሰባብሮ ይወጣና ቦታው ባዶ ይቀራል። እንግዲህ ኮሩ ሲደርቅ ካነሰ ቀዳዳውም ያንሳል። ከጉድጓድ በፓምፕ በተሳበ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያለማ የራያ ገበሬ፣ ልኩን የሳተ የፓምፕ አካል ማለት የደረቀ ማሳ ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይለካል? አንደኛ፣ ከአንድ ድብልቅ በአንድ ሣጥን ሦስት ናሙናዎች ይወጣሉ። ሁለተኛ፣ ገና እርጥብ ሳሉ በእያንዳንዱ ላይ 100 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት ጭረቶች ይደረጋሉ። ሦስተኛ፣ ናሙናዎቹ በጥላ ቀስ ብለው ይደርቃሉ፤ ክብደታቸው መቀነስ እስኪያቆምም በየጊዜው ይመዘናሉ። ማጣበቂያው ዘይት ከሆነ ደግሞ በምድጃ ይጋገራሉ። አራተኛ፣ በጭረቶቹ መካከል ያለው ርቀት በካሊፐር እንደገና ይለካል። 97 ሚሊ ሜትር ቢገኝ 3 በመቶ አንሷል ማለት ነው። የሦስቱ አማካይ ይወሰዳል። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ላያንስ ስለሚችል ስፋቱና ውፍረቱም ሊለካ ይገባዋል።

ብረቱም ራሱ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ለፎርማ የሚፈስሰው ግራጫ ብረት 1 በመቶ ያህል፣ አሉሚኒየም 1.3 በመቶ ያህል፣ ስቲል 2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ለምሳሌ ኮሩ 1 በመቶ፣ ብረቱም 1 በመቶ የሚያንስ ቢሆን፣ 100 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለማግኘት የኮሩ ሣጥን 102 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ኮሩ የብረቱን መሰብሰብ በመጠኑ ስለሚያግድ፣ የመጀመሪያው ዕቃ ተለክቶ ሣጥኑ ይታረማል።

ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅባቸው የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ይቀላቅሉበታል። ሸክላው ቢበዛ ይሰነጠቃል፤ አሸዋው ቢበዛ ይፈርሳል፤ ልኩን እጃቸው ያውቀዋል። እጃቸው ያወቀውን ለክቶ በቁጥር መጻፍ፣ ለሚቀጥለውም ሰው ማስተላለፍ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው። ለዚህም ውድ መኪና አያስፈልግም፤ ሚዛን፣ ካሊፐር፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃሉ።