ከገላን ጉራ የሚመጣው መዋጮ



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ዘወትር የምናወራው ስለ ገቢና ወጪ ነው። ዛሬ ግን ደረሰኝ ስንቆርጥ ያየነውን እንንገራችሁ።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ አንዳንድ አባሎቻችን ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። አዲሱ ቤት የሚሻልበት ነገር አለ፤ ራሳቸውም ይናገራሉ። ሆኖም ወር በገባ ቁጥር ታክሲ እየቀያየሩ መዋጮአቸውን ኡራኤል ቢሯችን ድረስ ያመጣሉ። በቴሌብር መላክ እንደሚቻል ነግረናቸዋል። "እሺ" ይላሉ፤ በወሩ ይመጣሉ።

መጀመሪያ ቴክኖሎጂውን የፈሩ መስሎን ነበር። ተሳስተናል። ከፍለው ሲጨርሱ አይሄዱም፤ የቀሩትን ጎረቤቶች ይጠይቃሉ፣ ጉሊት ይቸረችሩበት የነበረውን ቦታ አይተው ይመለሳሉ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች የመጣ ነው ይባላል። ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት ግን የእነዚህ ሴቶች ቡና፣ ዕቁብና ዕድር ናቸው። በርበሬ ሲያልቅባቸው የትኛውን በር እንደሚያንኳኩ ያውቁ ነበር። ይህን እዚያ እንደ አዲስ እየጀመሩት ነው።

ስለዚህ በወር አንድ ቅዳሜ ደረሰኙን ይዘን ገላን ጉራ እንድንሄድ፣ ቡናም እዚያው እንዲፈላ ሐሳብ አቅርበናል። የመጓጓዣው ወጪ በዘንድሮ በጀት አልተያዘም፤ ደጋፊዎቻችን እንድታስቡበት እንለምናለን።

አንዲት እናት ግን "እናንተ እዚያ ከመጣችሁማ እኔ በምን ሰበብ ወደዚህ ልምጣ?" አሉን። የኡራኤሉ ቀንም እንዳለ ይቀጥላል።