የጎመኑ ምንቸት አይውጣ
በምዕራብ ሸዋ ለሚገኙ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት በአምቦ የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ርእሱ ሲነገር ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። አንፈርድባችሁም። ጎመን በአገራችን ለጉባኤ የሚበቃ ነገር ተደርጎ ታስቦ አያውቅም።

ለዚህም ምክንያት አለው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ ይሟጠጣል፤ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ነው። በዚያ የጭንቅ ወራት የብዙውን ቤት ድስት የሚሞላው በሰኔ ዝናብ ከጓሮ የበቀለው ጎመን ነው። ስለዚህም በዘመን መለወጫና በመስቀል ሰሞን «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እያልን እንሸኘዋለን። ክረምቱን ያሻገረንን ባለውለታ፣ ብራ ሲሆን ከደጅ እናስወጣዋለን ማለት ነው።

ከእኛ ርቆ ያለ አንድ ሕዝብ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን፣ አያቶቻቸው በባርነት ዘመን በጓሯቸው ተክለው ይመገቡት የነበረውን ጎመን፣ በራሳቸው አዲስ ዓመት ቀን ለመጪው ጊዜ በረከት ይሁንልን ብለው ለገበታ ያቀርቡታል። እነርሱም እንደ እኛ በችግር ጊዜ የበሉት ምግብ ነው፤ ነገር ግን አላፈሩበትም። በዋሽንግተንና በአትላንታ የሚኖሩ ወገኖቻችንም የሐበሻ ጎመን ሲያጡ ይህንኑ ጎመን ገዝተው የጾም ወጥ ይሠሩበታል። እነዚያ ሰዎች ጎመኑን ከዐሳማ ሥጋ ጋር ረጅም ሰዓት ስለሚቀቅሉት አሠራራቸው ለእኛ አይሆንም። አንድ ልማዳቸው ግን ሊያስተምረን ይገባል፤ ጎመኑ የተቀቀለበትን ውኃ አይደፉም፤ በበቆሎ ዳቦ እያጠቀሱ ይበሉታል።

ሁለቱ ጎመኖች ዘመዳሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ኡ የተባሉ ተመራማሪ በጃፓን ባሳተሙት ጥናት እንደ ታወቀው፣ የእኛ የሐበሻ ጎመን፣ በኦሮምኛ ተናጋሪው ወገናችን አጠራር «ራፉ»፣ ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን በተፈጥሮ ተዳቅሎ የተገኘ ነው። የአሜሪካው ጎመንም ከዚሁ ከጥቅል ጎመን ወገን ነው፤ ብቻ ቅጠሉ አይጠቀለልም። የእኛው ቅጠሉ ለወጥ ይሆናል፤ ዘሩ ዘይት ይወጣዋል፤ እናቶቻችንም ዘሩን ወቅጠው ምጣድ ያሰሱበታል። በዚሁ በአካባቢያችን የሚገኘው የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ጎመን ዘርን ከሚያጠኑት ተቋማት አንዱ ነው። እንግዲህ የናቅነው ተክል የተማሩ ሰዎች የሚመራመሩበት ነው።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። በአንድ ሰንበቴ ላይ ለብዙ ሰው ጎመን አዘጋጅተን ነበር። ቅጠሉን አስቀድመን ከትፈን፣ የተከተፈውን ደጋግመን አጠብነው። ከዚያም በብዙ ውኃ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀቀልነው፤ እንዲለሰልስም ሶዳ ጨመርንበት። በመጨረሻ አረንጓዴውን ውኃ በአጥሩ ሥር ደፍተን፣ ገለባ የመሰለውን ቅጠል በዘይት አሽተን አቀረብን። ከተሰበሰቡት መካከል ነፍሰ ጡሮችና የአብነት ተማሪዎች ነበሩ። ለእነርሱ የሚጠቅመውን ለአጥሩ ሣር ሰጥተን፣ ሆድ የሚሞላውን ብቻ አበላናቸው። በክፋት ያደረግነው አይደለም፤ ስንሠራ ያየነው እንዲሁ ስለ ነበረ ነው።

ጉዳቱ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። በጎመን ውስጥ ያሉት ቫይታሚን ሲና ፎሌት በውኃ ይሟሟሉ፤ በረጅም እሳትም ይጠፋሉ። ሶዳ ቅጠሉን አረንጓዴ ቢያስመስለውም ቫይታሚኑን ያጠፋል። ፎሌት በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ እናቲቱ መፀነሷን ሳታውቅ ገና፣ ለሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ያስፈልጋል። ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው የቅጠሉ ንጥረ ነገር ደግሞ ያለ ቅባት በሚገባ ስለማይዋሐድ፣ በጎመን ላይ የሚጨመር ዘይት ለጣዕም ብቻ አይደለም። የጎመኑ የብረት ማዕድንም ሎሚ ሲጨመርበት ለሰውነት ይበልጥ ይዋሐዳል፤ ቡናና ሻይ ወዲያው ሲከተሉት ግን ይቀንሳል።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የምንሠራው እንዲህ ነው። ለ6 ሰው 1 ኪሎ ጎመን እንይዛለን። ቅጠሉን ሳንከትፍ በንጹሕ ውኃ ሦስት ጊዜ እናጥባለን፤ በተለይ ከከተማ በታች በወንዝ ውኃ የለማ ከሆነ እጥበቱን አናቃልልም። ጠንካራውን አገዳ ሸምጥጠን እናወጣለን፤ ቅጠሉንም ደራርበን በቀጭኑ እንከትፋለን። በድስት 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት በ4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት እናቁላላለን፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንጨምራለን። ከዚያ ጎመኑን ከግማሽ ብርጭቆ ውኃ ጋር ጨምረን እንከድነዋለን። ለጋ ቅጠል በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ይበስላል፤ የጠነከረው እስከ 25 ደቂቃ ይፈልጋል። ውኃው እዚያው ጎመኑ ውስጥ ይመጠጣል፤ የሚደፋ የለም። በመጨረሻ የተሰነጠቀ ቃሪያ እንጨምራለን፤ ካወጣን በኋላ ጨውና ጥቂት ሎሚ እናደርግበታለን። እሳቱም ስለሚያጥር ማገዶውና ከሰሉ ይተርፋል።

ስለ ጨው አንድ ነገር እንጨምር። ጎመን አዮዲን በሚያንስበት አገር በብዛት ሲበላ ለእንቅርት ሊያጋልጥ የሚችል ንጥረ ነገር አለው። መብሰሉ ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ አዮዲን ያለው ጨው ደግሞ መድኃኒቱ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያዝዛል። ነገር ግን አዮዲኑ በእሳትና በእርጥበት ስለሚቀንስ ጨዉን ከድነን እናስቀምጥ፤ ወደ ምግቡም በመጨረሻ እንጨምረው።

አባቶቻችን ሆይ፤ ይህ ነገር ከጾማችን ጋር የተያያዘ ነው። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚውለው እህል በሚሳሳበት፣ ጎመን በሚበዛበት ወቅት ነው። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች ለ10 ቀን ከንጉሡ ማዕድ ርቀው ሲፈተኑ፣ ፊታቸው አምሮ የታየው በተናቀው ምግብ ነበር። ጠቢቡ ሰሎሞንም በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 15 በፍቅር የሚበላውን ጎመን፣ ጠብ ባለበት ቤት ከሚታረደው ፍሪዳ አብልጦታል። ሆኖም ጎመን ብቻውን ምግብ አይሆንም፤ ከሽሮ፣ ከባቄላ ወይም ከምስር ጋር ይቅረብ። ነፍሰ ጡር እናትም ጎመን በላሁ ብላ ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን እንዳትተው፣ የንስሐ አባቷ ይምከሯት። የእናንተ አንድ ቃል ከእኛ ረጅም ንግግር ይልቅ ትሰማለች።

ከየአጥቢያው የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውኃ ሊያገኝ በሚችለው ክፍል፣ ከመቃብርና ከመጸዳጃ ርቆ፣ አንድ የጎመን መደብ ይዘጋጅ። በሰኔ ይዘራ፤ ቅጠሉ ከሥር እየተቀነጠሰ ጫፉ ከተተወ ለብዙ ሳምንት ይሰጣል። ጥቂት እግሮች ለዘር ይቆዩ። ሁለተኛ፣ ከዚህ መደብ በመጀመሪያ የሚቀነጠሰው ለአብነት ተማሪዎችና ለአቅመ ደካሞች ይሁን። ሦስተኛ፣ በሰንበቴና በዝክር ጎመን ሲሠራ፣ የማብሰሉን ሥራ የሚይዙት እናቶች ይህን አሠራር አንድ ጊዜ በተግባር ይዩት። በጀት አያስፈልገውም፤ ድስቱም እሳቱም አለ።

አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ሲሉ ጤና ካለ ጎመንም ይበቃል ማለታቸው ነበር። እኛ ደግሞ ውኃውን ካልደፋነው ጎመኑ ራሱ ለጤና እንደሚሆን ተምረናል። መጪው መስከረም ሲጠባ የገንፎው ምንቸት ይግባ፤ እሰየው። የጎመኑ ምንቸት ግን አይውጣ፤ ከጎኑ ይቀመጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።