ስለ አእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ፈተና ዝግጅት
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዓመት ለአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ፈተና የምንቀመጥ ሬዚደንቶች ስለ አጠናናችን እንድንናገር ኮሚቴው ስለ ጠየቀን አሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን።

ይህ ትምህርት በአገራችን ረጅም ዕድሜ የለውም። በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እስኪጀመር ድረስ፣ የአእምሮ ሐኪም ለመሆን የፈለገ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ከተሻገሩትም ሁሉም አልተመለሱም። ዛሬ ፈተናው እዚሁ ነው፤ ሕመምተኞቹም የኛው ናቸው። ዋናዎቹ መጻሕፍት ግን አሁንም በሌላ አገር ለሌላ ሰው የተጻፉ ናቸው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ስለ ጽሑፉ ፈተና ብዙ አንልም። ሊቲየም በደም ውስጥ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል እንዲሆን እንደሚፈለግና ከ1.5 ሲያልፍ መመረዝ እንደሚያሰጋ፣ ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ነጭ የደም ሕዋሱ በየጊዜው መቆጠር እንዳለበት፣ መጠጥ የጎዳው ሰው አእምሮው ተደናግሮ፣ ዓይኑ አልንቀሳቀስ ብሎ፣ እየተንገዳገደ ሲመጣ ከግሉኮስ አስቀድሞ ታያሚን እንደሚሰጠው ያላጠና ካለ ዛሬ ማታ ይጀምር። እነዚህ ሁሉ በንባብ ይገኛሉ። የቆዩ የፈተና ጥያቄዎችን ብቻ እየለቃቀሙ መሸምደድን ግን አንደግፍም። የዓለም ጤና ድርጅት አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ሲውል ፓራኖይድ፣ ሄቤፍሬኒክ የሚባሉት የስኪዞፍሬኒያ ክፍሎች ቀርተዋል፤ በአሮጌው የጥያቄ ወረቀት ላይ ግን እስከ ዛሬ በደኅና ይኖራሉ።

እውነተኛው ፈተና ከሕመምተኛው ፊት ነው። ከእርሱ ጋር የምንነጋገረው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው፤ ለፈታኞች የምናቀርበው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በመካከሉ የሚጠፋው ነገር ቀላል አይደለም። አንዲት እናት «ልቤን ይጨንቀኛል፣ ራሴን ያቃጥለኛል» ሲሉ፣ ተማሪው ሁሉን «ጭንቀት» በሚል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጠቅልሎ ያልፋል፤ እንቅልፋቸውን፣ ምግባቸውን፣ ተስፋቸውን ሳይጠይቅ ድብርቱ ያመልጠዋል። ስለዚህ የሕመምተኛው ቃል በመጀመሪያ እንደ ተነገረ ቢጻፍ፣ ትርጉሙም ከጎኑ ቢሰፍር ይሻላል እንላለን።

ጊዜን የማወቅ ጥያቄም እንዲሁ ነው። ፈረንጅ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት በሚለው ጊዜ «ሦስት ሰዓት ነው» ያለ ሕመምተኛ ልክ ነው፤ ዓመቱንም ሰባት ወይም ስምንት ዝቅ አድርጎ ቢናገር ልክ ነው። እንግዳ ፈታኝ የተቀመጠ እንደሆነ ይህን አስቀድሞ ማስረዳት የተማሪው ፋንታ ነው፤ አለዚያ ጤናማው መልስ በጉድለት ይመዘገባል። የተወለዱበትን ዓመት የማያውቁ እናት «ደርግ ሲመጣ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ነበር» ቢሉም ማስታወስ ተስኗቸው አይደለም፤ እንዲያውም ዕድሜያቸውን በቅርብ ለመገመት የሚበቃ መልስ ሰጥተዋል።

ስለ ተረትና ምሳሌም አንድ ቃል እንጨምር። የማሰብን ጥልቀት ለመመርመር ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ «የሚንከባለል ድንጋይ ሣር አያበቅልም» የተባለ የመንዝ ገበሬ «እንዴት ብሎ ያበቅላል?» ቢል ምን ያጠፋል? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ስለ ሸረሪት ብቻ የሚያወራ ከሆነ ግን መመዝገብ ያለበት ነገር ተገኘ። ምሳሌው እጅግ የታወቀ ስለሆነ መልሱ በቃል የተያዘ ሊሆን ይችላልና፣ ብርቱካንና ሙዝ በምን ይመሳሰላሉ የሚለውን ማስከተል ደግ ነው።

ሕመሙ ከዛር ወይም ከቡዳ መጣ ብሎ ማመን፣ ቤተሰቡና ጎረቤቱ የሚጋራው እምነት እስከሆነ ድረስ፣ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም። ጠበል ሄደው እንደሆነ በአክብሮት መጠየቅ፣ መድኃኒት አቋርጠው እንደሆነ፣ ታስረው እንደሆነም ማጣራት ይገባል። ፊቱን አጨማዶ የሚጠይቅ ተማሪ እውነቱን አያገኝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን በጨዋነት የሚታለፈው ጥያቄ ነው። አባት የሚሆን ሰው ራሱን ስለ መግደል እንዴት ይጠየቃል ይባላል። መጠየቅ አሳቡን እንደማይተክል በጥናት ታውቋል። አማርኛችንም አላነሰም። «አባባ፣ ከዚህስ ኑሮ ሞት ይሻለኛል ያሉበት ጊዜ አለ?» ብሎ ጀምሮ፣ «ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ? በምን?» እስከማለት መድረስ ይቻላል። ገጠር የሚኖሩ ከሆነ የተባይ መርዝ በቤት አለ ወይ፣ ማንስ ይያዘው የሚለው ሳይነሳ መሰናበት አይገባም። ይህን ጥያቄ የዘለለ ተማሪ ሌላውን ሁሉ አሳምሮ ቢያቀርብም እንዲያልፍ አንፈልግም፤ ይህን የምንለው እኛው ተፈታኞቹ ነን።

እንግዲህ ወደ መምህራኖቻችን እንመለስ። በአንድ የልምምድ ቦታ፣ ስሙን አንጠራም፣ የሦስት ወር የምዘና ወረቀት በመጨረሻው ዕለት በአንድ ቁጭታ ሲፈረም አይተናል። ፈራሚው ተማሪው ሕመምተኛ ሲያነጋግር አንድም ቀን አላየም። ወረቀቱ ላይ «እጅግ ጥሩ» ይላል። እንዲህ ያለው ደግነት አይጠቅመንም። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አጠገባችን ተቀምጣችሁ፣ ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ የቱን እንደ ዘለልን እንድትነግሩን እንለምናለን። ሥራ እንደሚበዛባችሁ እናውቃለን፤ ለአንድ መምህር ስንት ሕመምተኛ እንደሚደርስ በየጠዋቱ ኮሪደሩ ላይ እናያለን። ሆኖም ነገ ያንኑ ኮሪደር የምትተዉልን ለኛ ነው።

እስከዚያው ድረስ ከሚመጣው ሐሙስ ጀምሮ ከ11 ሰዓት በኋላ በመማሪያ ክፍሉ ሦስት ሦስት ሆነን እንለማመዳለን፤ አንዱ ሕመምተኛ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ፈታኝ ይሆናል። የታች ክፍል ተማሪዎችም መምጣት ትችላላችሁ። ሕመምተኛ የሚሆን ሰው ሁልጊዜ ያጥረናል።