ገንዘቡ እስኪመጣ መረጃውን አንብቡ

  ከበቆጂ፣ ከሮቤ፣ ከሁሩታ በሌሊት ተነሥታችሁ ወደዚህ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች በመካከላችን ስላላችሁ በረጅም መግቢያ ላደክማችሁ አልፈልግም።

የተጋበዝኩት ስለ ምርምርና ስለ ሥራ ዕድል እንድናገር ነው። የሥራ ዘመኔ ያለፈው ከካርታና ከሳተላይት ምስል ጋር ነውና የማውቀውን ልናገር። በቅርቡ አንዲት ተመራቂ ደውላ፣ «ጋሼ፣ የፕላኔት ሳይንስ መማር እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን ማን ሊቀጥርሽ ነው ይሉኛል። ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ይህ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን በአደባባይ ልስጣት።

መጀመሪያ መራራውን ልናገር። ቤተሰቦቿ እውነት አላቸው። ማርስን ወይም ጨረቃን አጥኚ ብሎ ደመወዝ የሚቆርጥ መሥሪያ ቤት በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው። የውጭውም ገንዘብ እንደሚወራው ቅርብ አይደለም። ናሳ በየዓመቱ ለፕላኔት ምርምር የጥናት ሐሳቦችን ይጋብዛል፤ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ተቋም መሳተፍ ይችላል፤ የራሱን ወጪ ግን ራሱ ይችላል። ደንቡ ይኸው ነው። ስለዚህ ከእነሱ ጋር የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ኮምፒውተሩንም፣ የጉዞ ወጪውንም፣ የወር ደመወዙንም የሚሸፍንለት ከዚሁ ከአገሩ ማግኘት አለበት። የሀብታሞቹም ኪስ ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ያቀረበው የበጀት ሐሳብ የናሳን የሳይንስ ገንዘብ በግማሽ ገደማ የሚቀንስ ነበር። የእኛዎቹ የአፍሪካ መንግሥታት ደግሞ ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ሊያውሉ እ.ኤ.አ. በ2006 ካርቱም ላይ ተስማምተው ነበር፤ ያ ቃል እስከ ዛሬ በአብዛኞቻችን ላይ ያለ ዕዳ ነው።

የገንዘቡ ነገር እንዲህ ነው። የመረጃው ነገር ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ እኔን ዛሬ ያስነሣኝም እሱ ነው። መንኮራኩሮች ከጨረቃ፣ ከማርስ፣ ከሳተርን የላኩት ምስልና ልኬት በናሳና በአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ማኅደሮች ተቀምጦ ለማንም ሰው ክፍት ነው። ክፍያ የለውም፤ የድጋፍ ደብዳቤ አይጠይቅም፤ የየት አገር ሰው ነህ አይልም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጨረቃን እየዞረ ያለው የአሜሪካ መንኮራኩር ብቻውን የሰበሰበውን አንድ ትውልድ ሙሉ ቢቀመጥ አንብቦ አይጨርሰውም። ማርስን ከላይ የሚያየው ካሜራ አንድ ነጥቡ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ምስል ያነሣል። ካርታ የሚሠራባቸው ሶፍትዌሮችም በነፃ ይወርዳሉ። የሚጠይቁት አንድ ደህና ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ነው።

ስለ ትዕግሥት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ። አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬኑስ ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ደመና የተሸፈነች ናት። የገጿ ሙቀት 460 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ስለሆነ እርሳስ ያቀልጣል። በተራ ካሜራ ከላይ ሆኖ ምድሯን ማየት አይቻልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1989 ማጄላን የምትባል ባለ ራዳር መንኮራኩር ተላከች። ከ1990 እስከ 1994 በዙሪያዋ እየዞረች፣ ራዳሩ ደመናውን አልፎ እያየላት፣ የቬኑስን ገጽ ከሞላ ጎደል ሙሉውን አነሣች። በመጨረሻ ወደ ፕላኔቷ አየር ገብታ ጠፋች። ምስሎቹ ግን ማኅደር ውስጥ ቀሩ።

ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ። ሮበርት ሄሪክ የሚባል የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እነዚያን አሮጌ ምስሎች አውጥቶ ያነጻጽር ጀመር። አዲስ መንኮራኩር አልነበረውም። የሚፈልገው ማጄላን ሁለቴ ያየችውን፣ በሁለቱ እይታዎች መካከል ግን የተለወጠ ቦታ ነው። ሥራው አድካሚ ነበር። ማጄላን በአንዱ ዙር ከአንድ ጎን፣ በሌላው ዙር ከሌላ ጎን ስለምታይ ያው አንዱ ተራራ ሁለት የተለያየ ተራራ ይመስላል። እየተቀመጡ በዓይን ማመሳከር ብቻ ነው መፍትሔው። እሱም ተቀምጦ አመሳከረ። ማአት ሞንስ በተባለው ግዙፍ እሳተ ገሞራ አጠገብ አንድ አፍ አገኘ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1991 በተነሣው ምስል ክብ ነው፤ ስፋቱ 2.2 ካሬ ኪሎ ሜትር። ከስምንት ወር በኋላ በተነሣው ግን ክብነቱ ጠፍቶ፣ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሰፍቶ፣ እስከ አፋፉ የቀለጠ አለት የሞላው መስሎ ይታያል። ዓይኔ አታሎኝ ይሆን ብሎ አልዘለለውም። ከናሳው ባለሙያ ከስኮት ሄንስሊ ጋር ሆኖ የአፉን ቅርጽ በኮምፒውተር በብዙ መልክ እየሠሩ የራዳሩን እይታ ፈተኑ። ልዩነቱን የማየት አንግል ብቻ ሊያመጣው አይችልም። ጥናቱ በማርች 2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ቬኑስ ላይ እሳተ ገሞራ ሲንቀሳቀስ ከታየባቸው ማስረጃዎች ሁሉ ቀጥተኛው እሱ ሆነ። በዓመቱ ደግሞ የጣሊያን ተመራማሪዎች ከነዚያው ከማጄላን ምስሎች ውስጥ በሌሎች ሁለት ቦታዎች አዲስ የላቫ ፍሰት አገኙ።

ልብ በሉ ልጆቼ፤ ያ መረጃ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። አዲስ አበባም፣ አሰላም ሆኖ ሊከፍተው የሚችል ሰው ነበር። የከፈተው ግን ሌላ ነው።

ሄሪክ ያንን ሥራ ሊሠራ የቻለው ግን ሌላም ምክንያት ስላለ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ የምሟገትለት ጉዳይ ይኼ ነው። በ1991 የነበሩት ሰዎች እያንዳንዱን ምስል መቼ እንደተነሣ፣ ከየትኛው ጎን፣ በምን ያህል አንግል እንደታየ ጽፈው አብረው አስቀመጡ። ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ሁለቱን ምስሎች ማንም ሊያመሳክራቸው አይችልም ነበር።

አባቴ እዚሁ አርሲ ውስጥ የዝናብ መለኪያ ያነቡ ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ በክረምት ጭላሎ በጉም ተሸፍኖ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጣሉ። የቆርቆሮውን ዕቃ ከፍተው ውሃውን ወደ መስፈሪያው ብርጭቆ ይገለብጣሉ። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከውሃው ጋር እኩል አድርገው ያነባሉ። ከዚያ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ እስክሪብቶ ወረቀቱ ሲርስ ይፈሳልና። ዝናብ ባልጣለበት ቀን ደግሞ ባዶ አይተዉም፤ ዜሮ ይጽፋሉ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ባዶ ከሆነ እኔ አልወጣሁም ማለት ነው። ዜሮ ከሆነ ወጥቼ አየሁ፣ ዝናብ ግን የለም ማለት ነው» አሉኝ። በኋላ የተማርኩት የሳይንስ ትምህርት ሁሉ በዚህ ላይ የጨመረልኝ ጥቂት ነው።

እንደዚያ ዓይነት መዝገቦች ምን እንደሚሆኑ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ቢሮ ሲቀይር የቆዩ የመስክ ደብተሮች በጆንያ ታጭቀው ወጡ። ሱቅ ውስጥ ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ የሙቀት ልኬት አነበብኩ። በእነዚያ ደብተሮች የተመዘገቡት ልኬቶች የተወሰዱባቸው ቦታዎች የት እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ዛሬ የለም። ስለዚህ የመመረቂያ ጥናታችሁ መረጃ በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ያለባችሁ ካላችሁ፣ እንዳላችሁም አልጠራጠርም፣ ዛሬ ማታ ድግሱ ሳይጀመር በሌላ ቦታ ገልብጡት። የት እንደተለካ፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ፣ ማን እንደለካው ከጎኑ ጻፉ። ይህን እንደ ቁጣ ውሰዱት፤ ቁጣም ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ከዚህ ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ቁልቁል ስታዩ የምታዩት ስምጥ ሸለቆ ነው። ከሐይቁ በስተደቡብ አሉቶ አለ፤ የአገራችን የመጀመሪያው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1998 ገደማ የተተከለበት እሳተ ገሞራ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ከአውሮፓ ሳተላይቶች የተጠራቀመ የራዳር ምስል በማነጻጸር አሉቶ በ2004 እና በ2008 ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመካከሉ ቀስ እያለ እንደወረደ አሳየ። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኤልያስ ሌዊ ነው። ቬኑስን ባየው ዓይነት ራዳር፣ በዚያው ማኅደር በመበርበር ሥራ የተገኘ ውጤት ነው፤ ተራራው ደግሞ የእኛው ጎረቤት። ኢተያ አካባቢ ቱሉ ሞዬ ላይ የእንፋሎት ጉድጓድ ሲቆፈር የሚያስፈልገው ባለሙያም ይህንኑ የሚያውቅ ነው። እንግዲህ የደወልሽልኝ ልጅ፣ ቤተሰቦችሽን ይህን በያቸው፦ የቬኑስን ራዳር ማንበብ የቻለች ልጅ የአርሲን መሬትም፣ የአርሲን ስንዴም ታነባለች። የምድር ሳተላይት ምስልም እንደ ፕላኔቶቹ ክፍት ሆኗል። እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ አንድ የላንድሳት ሳተላይት ምስል 600 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ነፃ ነው።

የሚያስቆጨኝ ግን አለ፤ በገዛ መሬታችን ላይ የሚሠራውን ጥናት ብዙ ጊዜ የሚመሩት ሌሎች ናቸው። የባዳ ተራራ ጫፍ በጥንት ዘመን በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። በባሌና በአርሲ ተራሮች የነበረው ግግር ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ትልቁን ስፋት እንደያዘ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት በስዊዘርላንድ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ በነበረ ተመራማሪ የተመራ ነው። ዳሎልን የማርስ አምሳያ ብለው አውሮፓውያን ገንዘብ መድበው አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያ መርዛማ ኩሬ ውስጥ ሕይወት አለ የሚልና የለም የሚል ሁለት ጥናት ወጣ፤ አንዱን ከስፔን፣ ሌላውን ከፈረንሳይ የመጡ ቡድኖች መሩት። እንግዶቹን አልወቅስም፤ ደክመው ሠርተዋል። በዚያው ዓመት አንድ ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል እንዲባሉ ያደረግነው እኛ ኢትዮጵያውያን ነን። ስም ለማውጣት የሰጠነውን ያህል ጊዜ ለማጥናትም እንስጥ።

መንገዱ የለም አትበሉ። የኢትዮጵያ የኅዋ ሳይንስ ማኅበር በ1996 ዓ.ም. ሲቋቋም የመመልከቻ ጣቢያ አልነበረውም። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለቱ ቴሌስኮፖች የተተከሉት በግል ባለሀብት፣ በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ገንዘብ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስትመጥቅ ብዙውን ወጪ የሸፈነችው ቻይና ናት። እንጦጦ ላይ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሰለጠኑ አሉ። ባሕር ማዶም ብርሃኑ ቡልቻ የተባለ ተመራማሪ በናሳ ጎዳርድ ማእከል በጨረቃ ላይ ውሃ የሚለይ ትንሽ የሌዘር መሣሪያ ለመሥራት ሲለፋ ቆይቷል። ገንዘብ ሰጪ የሚያምነው የተጀመረ ሥራ ሲያይ ነው። ያለ ሥራ የተጻፈ የእርዳታ ማመልከቻ ብዙ አንብቤያለሁ፤ የትም አይደርስም። የጨረቃን አንድ ማዕዘን ካርታ ሠርታችሁ፣ ዘዴውን ጽፋችሁ፣ መረጃውን ለሌላ ሰው ክፍት አድርጋችሁ ከላካችሁት ግን ፕሮፌሰሩ መልስ ይጽፍላችኋል።

ለዩኒቨርሲቲው አመራር አንድ ልመና አለኝ። ትልቅ ሕንፃ አልጠይቅም። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት፣ እና የተመራቂዎች ጥናት መረጃ ከነማብራሪያው የሚቀመጥበት አንድ ማኅደር ይከፈት። ከዚህ ዓመት ተመራቂዎች ይጀመር። ለጀማሪው ማኅደር የእኔን የመስክ ደብተሮች በሙሉ እሰጣለሁ፤ በእርሳስ የተጻፉ ናቸው፤ ይነበባሉ።

አንቺም የደወልሽልኝ ልጅ፣ እዚህ እንዳለሽ አውቃለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክቺ፤ መልሱ እስኪመጣ ግን በዚህ ክረምት የማጄላንን ምስሎች አውርጂ። ሄሪክና ሄንስሊ የፈተሹት ከቬኑስ ገጽ ጥቂቱን ብቻ ነው። የቀረው ገና አንባቢ ይጠብቃል።