እምነታችንና የጋራ ሥራችን

ዛሬ የማወራችሁ ሰው በሥራ ቦታው እምነቱን ስለሚገልጥበት መንገድ ነው። የሥራ ቦታ ሲባል ፋብሪካና ቢሮ ብቻ አይምሰላችሁ። ለእኛ ለደብረ ኤልያስ ገበሬዎች የሥራ ቦታችን ማሳው ነው፤ አውድማው ነው።

ጠዋት በሬ ስንጠምድ እናማትባለን። ዘር ስንዘራ የአምላክን ስም እንጠራለን። አውድማ ላይ ጫማ አድርገን አንወጣም። መንገደኛውም ሥራ ላይ ሲያገኘን «ያበርታችሁ» ብሎን ያልፋል። ይህን ከአባት ከእናታችን ያየነው ነው። ደግ ነው፤ ማንንም አይጎዳም።

ችግር የሚመጣው ሥራው የጋራ ሲሆን ነው። እኔ ራሴ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ጤፌን ለማሳረም ደቦ ጠራሁ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ የጤፍ አረምም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ረፋድ ላይ አንድ ወጣት በጨርቅ የቋጠረውን ዳቦ ፈትቶ ጎረሰ። እኔም በሰው ሁሉ ፊት «አንተ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነህ?» አልሁት። ልጁ መልስ አልሰጠኝም። ጨርቁን ቋጥሮ ሄደ።

ማታ ሰማሁ። ለካ ታሞ ኖሯል! ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን ኪኒን በባዶ ሆድ እንዳይውጥ ተነግሮታል። ለታመመ ሰው ደግሞ የንስሐ አባትም ይፈቅዱለታል። እኔ አረሜን ትቼ የሰው ሆድ ስጠብቅ ዋልሁ። በማግስቱ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር አለኝ።

የወር በዓልም እንዲሁ ያጣላል። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27 ይውላሉ። የትኛው ቀን እርሻ እንደማይታረስበት ግን ከአጥቢያ አጥቢያ ይለያያል። እኔ የማከብረውን ቀን ከወንዙ ማዶ ያለው ገበሬ ያርስበት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ደቦ ስጠራ አስቀድሜ «ቀኑ ይመቻችኋል ወይ? ምሳው በስንት ሰዓት ይቅረብ?» እላለሁ። ይህን መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ልጆቻችን ደግሞ ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። እዚያ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ ባንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ሰው ሃይማኖቱን ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር የመግለጥ መብት አለው ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ሠራተኛን በሃይማኖቱ ምክንያት ከሥራ ማባረርን ይከለክላል። ልጆቻችሁን ስትሸኙ ይህን ንገሯቸው። መብቱ ግን አጠገባቸው ለሚሠራውም ጭምር ነው።

ዓርብ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቶ ብታገኙት አትቆጡ። በሌላው ቀን የሚዘጋው በ6 ሰዓት ተኩል ነው። ዓርብ ዓርብ ሙስሊሞች ለጁምዓ ሶላት እንዲደርሱ የምሳው ሰዓት ይረዝማል። በ7 ሰዓት ተኩል ይከፈታል። እስከዚያ ጥላ ሥር ሆናችሁ ጠብቁ።

ያ ልጅ ይቅር ቢለኝም ከዚያ ወዲህ ደቦዬ ላይ መጥቶ አያውቅም። አልፈርድበትም። ለሚመጣው ነሐሴም እልክበታለሁ።