የዕፅዋት ጭማቂ በጥጥ ጨርቅ ላይ፤ የመጽናቱ ጉዳይና የሐዋሳ ሐይቅ



የጥጥ ጨርቅ ላብና እርጥበት ስለሚይዝ ለረቂቅ ተሕዋስያን ምቹ ማረፊያ ነው። ባክቴሪያ ሽታ ያመጣበታል፤ ሻጋታ ያጠቁረዋል፤ ፋይበሩንም ያሳሳዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሆስፒታል አንሶላና ጋዋን በሽታን ከሰው ወደ ሰው ሲያሸጋግሩ ነው። ይህን ለመከላከል ጨርቁን በፊኒሺንግ ክፍል በብር ውሕዶች፣ በትራይክሎሳንና በመሰል ኬሚካሎች ማከም በዓለም የተለመደ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ትራይክሎሳን ያለባቸው የእጅና የገላ መታጠቢያ ሳሙናዎች ለሕዝብ እንዳይሸጡ ወስኗል። በእነዚህ ኬሚካሎች ላይ የተነሣው ሥጋት ብዙ ተመራማሪዎችን ወደ ዕፅዋት መርቷል። ጉዳዩ እንደ ሐዋሳ የጨርቃጨርቅም የሐይቅም ከተማ ለሆነች ስፍራ ድርብ ትርጉም አለው።

በዕፅ መገልገል ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። የጠላ ጋን በግራዋ ይታጠባል፤ የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ ነጠላና ጋቢም በእንዶድ ሲታጠብ ኖሯል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የአገር ዕፅዋትን በጥጥ ጨርቅ ላይ የመሞከር ሥራ ተከናውኗል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፤ በውኃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጣራል። ጨርቁ በፈሳሹ ተነክሮ በሮለሮች መካከል ይጨመቃል፤ ይደርቃል፤ በመጨረሻም በሙቀት ይጸናል። ታኒን ከባክቴሪያው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ሥራውን ያግዳል፤ ሳፖኒን ደግሞ የሕዋሱን ሽፋን ይጎዳል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ፣ ጨርቁ ወደ እጥበት ሲገባ ነው። ጥጥ ሴሉሎስ በመሆኑ አብዛኛው የዕፅ ጭማቂ በደካማ ትስስር ብቻ ይይዘዋል። ስለዚህም ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ጥቅሙ ከሳሙናው ጋር ይሄዳል።

እዚህ ላይ የምርመራው ዘዴ ሊያሳስት እንደሚችል ማስተዋል ያስፈልጋል። ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ቁራጭ ጨርቅ ሲቀመጥ በዙሪያው የሚታየው ጥርት ያለ ክብ ብዙ ጊዜ እንደ መልካም ውጤት ይቆጠራል። ዳሩ ግን ክቡ የሚያመለክተው መድኃኒቱ ጨርቁን ለቅቆ መውጣቱን ነው። ክቡ በሰፋ መጠን መድኃኒቱ በእጥበት የመጥፋቱ ዕድል ሊጨምር ይችላል። ይልቁንም እንደ ኤ.ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 100 እና አይ.ኤስ.ኦ. 20743 ባሉት መለኪያዎች በሕይወት የቀረውን ባክቴሪያ መቁጠር ይበልጣል። ቁጥሩም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። «90 ከመቶ ቀነሰ» ማለት ከ100,000 ባክቴሪያ 10,000 ቀረ ማለት ነው፤ ኢ. ኮላይ ደግሞ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በ20 ደቂቃ ያህል እጥፍ ስለሚሆን፣ የቀረው በአንድ ሰዓት ከሩብ ባልበለጠ ጊዜ የቀድሞውን ብዛት ሊመልስ ይችላል።

ከጨርቁ የለቀቀው ነገር የት ይደርሳል? የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውም፤ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም የሚያስችል ማጣሪያ ተሠርቶለታል። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥ የሚሸጥ ጨርቅ በየቤቱና በየሆስፒታሉ ሲታጠብ ፍሳሹ በዚያ ማጣሪያ አያልፍም።

«ከዕፅ የተገኘ ነውና አይጎዳም» የሚለው አስተሳሰብም መታረም ይኖርበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በአድዋ እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ማስተዋላቸው ይታወቃል። ያው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ቆሮሶና አምባዛ በሚጠመዱበት ሐይቅ ዳር ይህ ችላ የሚባል አይደለም።

እንግዲህ ጨርቁን የሚጠቅመውና ሐይቁን የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ በጨርቁ ላይ መጽናቱ። ለዚህም መንገዶች አሉ። ሸብ ታኒንን ከጥጥ ጋር ያስተሳስራል። ሲትሪክ አሲድ ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ባለ ሙቀት ከሴሉሎስ ጋር ይጋጠማል፤ ሆኖም ጨርቁን ቢጫ ያደርጋል፣ ጥንካሬውንም ይቀንሳል። ጭማቂው ራሱ ቀለም ስላለው ለነጭ አንሶላ አይመችም፤ ለባለ ቀለም ጋዋን ግን ማቅለሚያም መከላከያም ሊሆን ይችላል። የቅጠሉ ይዘት በአፈርና በወቅት ስለሚለያይ፣ መጠኑ በቅጠል ኪሎ ሳይሆን በውስጡ ባለው ታኒን ወይም ሳፖኒን ልክ መወሰን አለበት።

ስለሆነም አንድ የዕፅ ማጠናቀቂያ ወደ ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት የጨርቃጨርቅ መሐንዲሱ ሦስት ማስረጃዎችን መጠየቅ ይገባዋል፤ ከተደጋጋሚ እጥበት በኋላ የተደረገ የባክቴሪያ ቆጠራ፣ የጨርቁ የጥንካሬና የቀለም ልኬት፣ እንዲሁም የእጥበቱ ፍሳሽ በዓሣ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምርመራ። ሦስቱን ያላሟላ ጨርቅ «የተፈጥሮ» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍበትም፣ በሽተኛውንም ሐይቁንም አይጠብቅም።