በሳንቲም ላይ የሚታይ ድርብ ቅርጽ፦ ከማተሚያው ብረት ወይስ ከመኪናው?



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ትንሽ ነው፤ ያለ አጉሊ መነጽር በወጉ አይታይም። ይሁንና ከብቸናና ከሞጣ የመጡ ተማሪዎቼ ከአያቶቻቸው ሙዳይ የወጡ ሳንቲሞችን እያሳዩ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልኛል፦ «ፊደሉ ድርብ ሆኖ ይታያል፤ ብርቅ ነው ይባላል፤ እውነት ነውን?» በመልሱ ተማምኖ ንብረቱን የሚሸጥ ቤተሰብ አለና ነገሩን መመርመር ይገባል።

ሳንቲም የሚታተመው ክብ ጠፍጣፋ ብረት በሁለት ማተሚያ ብረቶች መካከል ተመትቶ ነው። ማተሚያው ብረት ደግሞ ቅርጹን የሚቀበለው ሃብ ከሚባል፣ ምስሉ ወደ ውጭ ከወጣበት ሌላ ብረት ነው። በቀድሞው አሠራር ሃቡ ደጋግሞ ይጫን ነበር፤ በየመካከሉም ማተሚያው በእሳት ይለሰልስ ነበር። ሁለተኛው ጫና ጥቂት ዞር ብሎ ካረፈ ድርቡ በማተሚያው ውስጥ ይቀረጻል፤ ከዚያ ብረት የሚወጣው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ይዞ ይወለዳል። በ1955 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ የታተመው ዝነኛው የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ከዚህ ወገን ነው።

የመኪና ድርብ ግን የሚፈጠረው ምቱ ካረፈ በኋላ ነው። የላላ ማተሚያ ሲነጥር ወይም ሲንሸራተት፣ ገና የተነሣውን ፊደል ጠርዝ ገፍቶ ያደፈጥጠዋል። የሚታየውም ከግድግዳ ሥር እንደተሠራ መደብ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋና የሚያብለጨልጭ እርከን ነው። ዋናው ምልክት ይህ ነው፦ የመኪና ድርብ ከፊደሉ አካል ስለሚቀንስ የፊደሉ አናት ይቀጥናል። እውነተኛው ድርብ ግን ፊደሉን ያሰፋዋል፤ ሁለቱም ምስሎች ሙሉና ክብነት ያላቸው ሆነው፣ በማእዘኑ ላይ ስንጥቅ ይታያል።

የውጭ አገር መጻሕፍት በላቲን ፊደል ጫፍ ላይ ያለችውን ጭራ እንድንመለከት ይመክራሉ። የእኛ ፊደል እንዲህ ያለ ጭራ የለውም። ስለዚህ የእግሮቹን ጫፍና እንደ «ሴ» ባሉት ላይ ያለችውን ቀለበት እንመርምር። የግእዝ አኃዝ ከላይና ከታች የሚሰመርበትን መስመር እንደ ድርብ የቆጠረ ተማሪም ገጥሞኛል፤ አልፈርድበትም።

1936 ዓ.ም. የሚል ዘመን የያዙት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ዘመኑ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ታትመዋል። ስለዚህ የተጻፈው ዓመት ማተሚያውን ለይቶ አይነግረንም። ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫና በአንድ መጠን ድርብ ከሆኑ ጥርጣሬያችን ወደ ማተሚያው ብረት ያዘነብላል። የመኪና ድርብ በተከታታይ ሳንቲሞች ላይ ሊደጋገም ቢችልም መጠኑ ይለዋወጣል።

ጠገራ ብር ከዚህም ይብሳል። 1780 እ.ኤ.አ. የሚለውን ዘመን እንደያዘ ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ታትሟል። የቀድሞ ነጋዴዎቻችን በማርያ ቴሬዛ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት። ይህን የገበያ ዕውቀት ከመነጽራችን አላሳንሰውም፤ ዐይኑን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ዕውቀት ነው።

ሰብሳቢዎች ለመኪና ድርብ ከተራው ሳንቲም ብዙም የበለጠ ዋጋ አይሰጡም። በእጅ ብዛት ባለቀ ሳንቲም ላይ እኔም ፍርድ አልሰጥም፤ እርከኑም ስንጥቁም አብረው ተፍቀው ይጠፋሉና። ስለዚህ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ለእናቶቻችሁ ይህን ንገሩልኝ፦ ሳንቲሙን ከማሳየታቸው በፊት በሎሚና በአመድ አይፈትጉት።